ውለታ ቢሱ ዳኛ

በቋንቋችን ሰውን ከሚያዋርዱ ስድቦች መካከል «ውለታ ቢስ» የሚለውን የሚያህል ብዙ የለም። ሌባ የተባለ ሰው «ቸግሮት ይሆናል» ተብሎ ይታዘንለታል። ሰካራምም «ብሶት ቢይዘው ነው» የሚልለት አያጣም። ውለታ ቢስ ግን ጠበቃ የለውም። የበላበትን ወጪት ሰባሪ፣ ያጎረሰውን እጅ ነካሽ እየተባለ ስሙ ከእርሱ አልፎ ለልጆቹ ይተርፋል። ውለታ መላሽ የሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ጉድለት ቢኖርበት እንኳ «ሰው ነው፣ ሰው ያውቃል» ተብሎ ይከበራል። ለልጆቻችን አስቀድመን ከምናስተምራቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው፤ የሰጠህን አትርሳ።

ይህን የማነሣው ውለታን ለማንቋሸሽ አይደለም። ውለታ ባይኖር ኖሮ በክፉ ቀን ማን ማንን ያነሣ ነበር? ነገር ግን አንድ የሚከነክነኝ ጥያቄ አለ። አንድ ሰው በአንድ ባለሥልጣን ዳኛ ሆኖ ተሾመ እንበል። ከጊዜ በኋላ ያው ሿሚ ተከሶ በዚያው ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ማስረጃውን መረመረ፣ ሕጉን አገላበጠ፣ በመጨረሻም በሾመው ሰው ላይ ፈረደ። ይህን ዳኛ ምን እንበለው? ቅን ፈራጅ ወይስ ውለታ ቢስ?

አንባቢ «ቅን ፈራጅ ነዋ!» ብሎ ፈጥኖ እንደሚመልስልኝ አልጠራጠርም። በወረቀት ላይ ሲሆን ሁላችንም እንዲህ ነን። ዳኛው የእኛ ሰፈር ልጅ፣ ሿሚውም የምንወደው ሰው ሲሆን ግን መልሱ እንዲህ አይቀልም። ያን ጊዜ «ምን ቢሆን ያሳደገው ሰው አይደለም እንዴ? ቢያንስ ዝም ቢል ምን ነበረበት?» የሚል ድምፅ ከየጓዳው ይሰማል። ድምፁን የሚያሰሙት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ደግ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው።

ስለ ሙስና ሲነሣ በአብዛኛው በሐሳባችን የሚመጣው በጠረጴዛ ሥር የሚተላለፈው ፖስታ ነው። ፖስታው መጥፎ ነገር መሆኑ አያከራክርም። ይሁንና ሰጪውም ተቀባዩም ነውር መሆኑን ያውቃሉ። ተደብቆ ይሰጣል፣ ተደብቆ ይወሰዳል፤ ሲደረስበት ያሳፍራል፣ ያስቀጣል። ውለታ ግን በአደባባይ የሚሄድ ነው። አይቆጠርም፣ አይመዘንም፣ ፊርማ የለውም። ይባስ ብሎ ያስከብራል። በፖስታ ያጋደለ ዳኛ ሌሊት እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። በውለታ ያጋደለው ዳኛ ግን «ዛሬ ሰው መሆኔን አስመሰከርሁ» ብሎ ተደላድሎ ይተኛል። እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛውን እፈራለሁ። በክፋት መልክ የሚመጣ ጥፋት በሩ ላይ ዘበኛ ይቆምበታል። በደግነት መልክ የሚመጣውን ግን በሩን ከፍተን፣ ወንበር ስበን ነው የምናስገባው።

ሹመትን የምናይበት ዐይንም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠቅሰው የባለሥልጣናትን ስግብግብነት ለመንቀፍ ነው። በውስጡ ግን ሌላም ነገር አለ። ሹመት መብል ነው ይላል። መብል ከሆነ ደግሞ ገበታውን ያቀረበ ጌታ አለ ማለት ነው፤ የበላም ሰው ለገበታው ጌታ ባለ ዕዳ ነው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውም የዚሁ አስተሳሰብ መንትያ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ዳኛ የሚቆምበት መሬት የት ይገኛል?

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር በእውነት የተፈተነበትን አንድ አገር ልውሰድ። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ የዘር መድልዎ ሥርዓት ቀርቶ ሁሉም ዜጋ የመረጠበት የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው በ1994 ነው። (የደቡብ አፍሪካን ታሪክ በምናገርበት ጊዜ ሁሉ ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።) በዚህ ወጣት ዴሞክራሲ ውስጥ የሿሚና የተሿሚ ጉዳይ ከአንዴም ብዙ ጊዜ በችሎት ፊት ቀርቧል።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ገና ከጅምሩ ነበር። አዲሱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሥራውን የጀመረው በየካቲት 1995 ነው። ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ የፍርድ ቤቱ የበላይ አድርገው የሾሟቸው አርተር ቻስካልሰንን ነበር። እኒህ ሰው በ1963 እና በ1964 በተካሄደው በሪቮንያው ችሎት ማንዴላና ጓዶቻቸው የሞት ፍርድ ባንዣበበባቸው ጊዜ ከቆሙላቸው ጠበቆች አንዱ ናቸው። እንግዲህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለውን ውለታ አስቡት። አንዱ ለሌላው ነፍስ ተሟግቷል፣ ሌላውም በተራው በአገሪቱ ከፍተኛ በሆነው የዳኝነት ወንበር ላይ አስቀምጦታል። ዓመት ሳይሞላ ግን ስለ አካባቢ ምርጫ ማንዴላ ያወጧቸው ዐዋጆች በዚያው ፍርድ ቤት ክስ ቀረበባቸው። በመስከረም 1995 ፍርድ ቤቱ ዐዋጆቹ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይቃረናሉ ብሎ ሻራቸው። ዋናውን ፍርድ የጻፉትም ቻስካልሰን ነበሩ። ማንዴላ ምን አደረጉ? ውሳኔውን እንደሚቀበሉ ለሕዝብ ተናገሩ፤ ፓርላማውም ሕጉን ለማስተካከል ተጠራ። ነገሩ በዚሁ አበቃ።

ይህን ታሪክ ሳስብ እጅግ የሚገርመኝ የዳኛው ድፍረት ብቻ አይደለም። የሿሚው ጠባይ ነው። ማንዴላ «ያሾምሁህ እኔ አይደለሁም ወይ?» ለማለት ብዙ ምክንያት ነበራቸው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። ያን አላሉም። ውለታን የማይጠይቅ ሿሚ ሲገኝ ውለታን የማይከፍል ዳኛ ለመሆን ቀላል ይሆናል። አስቸጋሪው ሿሚው እንደ ማንዴላ ያልሆነ ጊዜ ነው።

ያም ጊዜ መጣ። በ2011 ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ ሞጎኤንግ ሞጎኤንግ የተባሉትን ዳኛ ለዋና ዳኝነት ሲያጩ አገር ተንጫጫ። ብዙ ሰው የጠበቀው ምክትል ዋና ዳኛው ዲክጋንግ ሞሴኔኬ ይሾማሉ ብሎ ነበር። ሞሴኔኬ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው ተይዘው አሥር ዓመት በሮበን ደሴት የታሰሩ፣ በሕግ ዕውቀታቸውም የተከበሩ ሰው ናቸው። ሞጎኤንግ ግን በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ገና ሁለት ዓመታቸው ነበር። የዳኞች አስተዳደር ኮሚሽን ለሁለት ቀን በቴሌቪዥን እየተላለፈ በጥያቄ አፋጠጣቸው፤ ስብሰባውን የመሩትም የታለፉት ሞሴኔኬ ራሳቸው ነበሩ። ቀደም ብለው የሰጧቸው ፍርዶች እየተጠቀሱ ተተቹ። ብዙዎች ዙማ እኒህን ሰው የመረጡት ለክፉ ቀን እንዲሆኗቸው ነው ብለው ደመደሙ። ሞጎኤንግ ግን ተሾሙ።

ክፉው ቀን ሲመጣ ስሙ ንካንድላ ሆነ። ንካንድላ በክዋዙሉ ናታል ገጠር የሚገኘው የዙማ የግል መኖሪያ ነው። ለጸጥታ ጥበቃ ማጠናከሪያ ተብሎ ከመንግሥት ካዝና ወደ 246 ሚሊዮን ራንድ ወጣበት። በእኛ አገር የእንባ ጠባቂ ተቋም ብለን የምንጠራውን የሚመስለው መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ቱሊ ማዶንሴላ ጉዳዩን መርምረው በመጋቢት 2014 ሪፖርታቸውን አወጡ። ከተሠሩት ነገሮች መካከል የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት፣ የእንግዶች መቀበያ፣ እንደ ቲያትር ያለ መቀመጫና የመዋኛ ገንዳ ይገኙባቸዋል። እነዚህ ከጸጥታ ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌላቸው ፕሬዚዳንቱ ከወጪው ተገቢውን ያህል ይክፈሉ አሉ። በ2015 የፖሊስ ሚኒስትሩ ገንዳው ለመዋኛ ሳይሆን ለእሳት ማጥፊያ ውኃ ማጠራቀሚያ ነው ብለው ተከራከሩ። ፓርላማውም ዙማ የሚከፍሉት ነገር የለም አለ። ማዶንሴላንም በ2009 የሾሟቸው ዙማ መሆናቸውን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ተቃዋሚዎች ጉዳዩን ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰዱት። በመጋቢት 31 ቀን 2016 ፍርዱ ተነበበ። አንባቢው ሞጎኤንግ ሞጎኤንግ ነበሩ። የማዶንሴላ ውሳኔ ምክር ብቻ ሳይሆን አስገዳጅ መሆኑን፣ ፕሬዚዳንቱም ሕገ መንግሥቱን ሳያከብሩና ሳይጠብቁ መቅረታቸውን፣ ፓርላማውም ግዴታውን አለመወጣቱን ዳኞቹ ያለ ልዩነት ወሰኑ። «ለክፉ ቀን ተሾሙ» የተባሉት ሰው በክፉው ቀን የተናገሩት ይህንን ነው። ዙማ በማግሥቱ በቴሌቪዥን ቀርበው ውሳኔውን እንደሚቀበሉ ተናገሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተቃዋሚዎች በፓርላማ ያቀረቡት ከሥልጣን የማውረድ ሐሳብ 143 ለ233 በሆነ ድምፅ ወደቀ። በመጨረሻም የተተመነባቸው 7.8 ሚሊዮን ራንድ ሆነና ከፈሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሞጎኤንግ ውለታ ቢስ ናቸው ወይ?

ናቸው የሚለውን ክርክር በደንብ ልስማው፤ ቀላል ክርክር አይደለምና። አባታቸው የማዕድን ሠራተኛ፣ እናታቸው የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እንዲህ ካለ ቤት የወጣን ሰው፣ አገር ሁሉ «አይመጥንም» ሲለው፣ አንድ ሰው አምኖ አነሣው። ሌላ መምረጥ እየቻለ እርሱን መረጠው። ይህ ውለታ ካልሆነ ውለታ ምንድን ነው? ተከራካሪው እንዲህ ቢለኝ «ሕግ አይፈቅድም» የሚለው መልስ ብቻ አያጠግበውም። እርሱ የሚጠይቀኝ ስለ ሕግ ሳይሆን ስለ ሰውነት ነው። ስለዚህ መልሱን ከራሱ ከውለታ ውስጥ መፈለግ አለብኝ።

የሰፈራችንን ዕድር እንውሰድ። ከቤቴ ሰው ቢሞትብኝ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ለቀብርና ለንፍሮ የሚሆነውን ቆጥሮ ይሰጠኛል። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» እለዋለሁ፤ ማለትም ይገባኛል። ነገር ግን ያ ገንዘብ ከኪሱ አልወጣም። በየወሩ ያዋጡት አባላቱ ናቸው። በዓመቱ የዕድሩ ሒሳብ ሲመረመር ገንዘብ ያዡ አጉድሎ ቢገኝና እኔ ከመርማሪዎቹ አንዱ ብሆን፣ «በሐዘኔ ቀን ገንዘብ የሰጠኝ እርሱ ነው» ብዬ ልሸፍንለት ይገባል? እንዲህ ባደርግ ውለታ መለስሁ አይባልም። ዕዳዬ ላልሆነ ሰው በሌሎች ሰዎች ገንዘብ ከፈልሁ ነው የሚባለው። እውነተኞቹን ባለ ውለታዎቼን፣ ከየጎድጓዳ ኪሳቸው ያዋጡልኝን ጎረቤቶቼን ካድሁ። ውለታ ቢስ የምሆነው እንዲያውም ያን ጊዜ ነው።

ሹመትም እንዲሁ ነው። የዳኝነት ወንበር የፕሬዚዳንት ወይም የጠቅላይ ሚኒስትር የግል ሀብት አይደለም። ሰጪው ሕዝብ ነው፤ ሿሚው ገንዘብ ያዥ ነው። «ከብዙዎች መካከል መርጦታል» የሚለውም ቢሆን መልስ አለው። ሿሚው የመረጠው ለሥራው ብቁ ነው ብሎ ከሆነ ግዴታውን ተወጣ። ለወዳጅነት ብሎ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ከሕዝብ ጎተራ ሰረቀ። ግዴታውን ለተወጣ ምስጋና ይበቃዋል፤ ለሰረቀም ስርቆቱ በውለታ ስም አይመዘገብለትም። በሁለቱም መንገድ በፍርድ የሚከፈል ዕዳ የለም። ዳኛው ለሿሚው የግል ምስጋና ካለው ከገዛ ራሱ ይክፈለው። ለዚያ ሲል በችሎት መቀመጥ የሚከብደው ከሆነም ከችሎቱ ይነሣ። ፍርድ ግን የራሱ ንብረት አይደለምና ስጦታ ሊያደርገው አይችልም።

ውለታ ወደ ዳኛ ቢሮ ሲገባ በምን ቋንቋ እንደሚናገር የሚያሳይ ሌላ ታሪክ በዚያው አገር አለ። በ2008 ዙማ ገና ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ ከጦር መሣሪያ ግዢ ሙስና ጋር የተያያዘ ጉዳያቸው በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፊት ነበር። በኬፕ ታውን ያለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የበላይ ዳኛ ጆን ህሎፔ ወደ ሁለት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኞች፣ ወደ ክሪስ ጃፍታና ወደ ቤስ ንካቢንዴ ቢሮ ሄደው ስለዚሁ ጉዳይ አነጋገሯቸው። ገንዘብ አልቀረበም። በኋላ በምርመራው እንደ ተመሰከረው ለጃፍታ የተነገረው «ተስፋችን እናንተ ናችሁ» የሚል ትርጉም ያለው የዙሉኛ ቃል ነው። አስተውሉ፤ ቃሉ የወንድም ቃል ነው። በቤተ ዘመድ ጉባኤ የሚነገር፣ ሆድ የሚያባባ ቃል። ሁለቱ ዳኞች ግን ነገሩን ለባልደረቦቻቸው አሳወቁ፤ የፍርድ ቤቱም ዳኞች በአንድነት አቤቱታ አቀረቡ። ህሎፔ ፍርድ ለማስቀየር አላሰብሁም ብለው ተከራከሩ። ጉዳዩ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲንከባለል አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀ። በየካቲት 2024 ፓርላማው 305 ለ27 በሆነ ድምፅ ከዳኝነት አሰናበታቸው። ከወራት በኋላ በዙማ አዲስ ፓርቲ ስም የፓርላማ አባል ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ማስገባት ያስፈልጋል። «ነጻ ዳኛ ማለት በሿሚው ላይ የሚፈርድ ነው» ብለን ከደመደምን ከአንዱ ገደል ወጥተን ወደ ሌላው መግባታችን ነው። ነጻነቱን ለማስመስከር ሲል ብቻ በሿሚው ላይ የሚፈርድ ዳኛም ያው የሿሚው እስረኛ ነው፤ የታሰረው በሌላኛው እጁ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሞጎኤንግ በ2016 በዙማ ላይ ፈረዱ። በታኅሣሥ 2017 ደግሞ አብዛኞቹ ዳኞች ፓርላማው ፕሬዚዳንቱን ተጠያቂ ለማድረግ ግዴታውን አልተወጣም ብለው ሲወስኑ፣ ሞጎኤንግ ፍርድ ቤቱ ከድንበሩ አልፏል ብለው በጠንካራ ቃል ተቃወሙ። የአብዛኞቹን ፍርድ የጻፉት ጃፍታ ነበሩ። እኚሁ ጃፍታ በ2021 ዙማ እንዲታሰሩ ሲወሰን የተለየ ሐሳብ ካቀረቡት ሁለት ዳኞች አንዱ ሆኑ። እንግዲህ እነዚህን ሰዎች እንደ እግር ኳስ ውጤት «ለዙማ ስንት፣ በዙማ ላይ ስንት» እያልን ብንቆጥር ምንም አንረዳም። የሚመዘነው ምክንያታቸው ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ምክንያታቸውን ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለተቺ አቅርበዋል።

ይህ ሁሉ በሰዎቹ ጥሩነት ብቻ የመጣ አይደለም። በጥንት ጊዜ በአገራችን ሁለት ተከራካሪዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ያገኙትን መንገደኛ አስቁመው «ዳኝነት አየን» ይሉት ነበር። መንገደኛው ቆሞ ክርክራቸውን ይሰማል፣ ፍርዱን ይሰጣል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ጥበቡ የት ላይ ነው? መንገደኛው ከሁለቱም ምንም አልበላም፤ ነገም ከሁለቱም ምንም አይጠብቅም። በእኔ አስተያየት የዘመናዊ የፍርድ ቤት ሕግ ድካም ሁሉ ይህን መንገደኛ መልሶ ለማግኘት ነው። የታወቀውን፣ የተሾመውን፣ ዘመድ ያለውን ሰው በችሎት ላይ መንገደኛ ማድረግ። በደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ የሥራ ዘመን የተወሰነ ነው፤ ሲያበቃ አይታደስም። ስለዚህ «ዘመኔ እንዲራዘምልኝ» ብሎ የሚያጎበድድለት ሰው የለም። ዕጩዎች ለወንበሩ የሚጠየቁት በዝግ ቤት ሳይሆን በአደባባይ ነው። ማዶንሴላም በ2016 ስለ መንግሥት በግለሰቦች መያዝ አጣሪ ኮሚሽን እንዲቋቋም ሲወስኑ፣ ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው የተጠረጠሩበት ስለሆነ መርማሪውን ዳኛ ዋና ዳኛው ይምረጡ አሉ። የተመረጡት ሬይሞንድ ዞንዶም ቢሆኑ ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሾሟቸው ዙማ ነበሩ። ዙማ በኮሚሽናቸው ፊት እንዲቀርቡ የተሰጠውን ትእዛዝ አልቀበልም በማለታቸው ነው በሰኔ 2021 የአሥራ አምስት ወር እስራት የተፈረደባቸው።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ዙማ እጃቸውን በሰጡ ሰሞን በክዋዙሉ ናታልና በጋውቴንግ በተነሣው ሁከትና ዝርፊያ ከ350 በላይ ሰዎች ሞቱ። ታሳሪው ሁለት ወር ቆይተው በሕመም ምክንያት ተፈቱ፤ አፈታታቸው ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ቢወሰንም የቀረውን ዘመን በእስር አልጨረሱም። በ2024ቱ ምርጫ አዲሱ ፓርቲያቸው ከ14 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘ። ቅን ፍርድ አገርን በአንድ ቀን አያድንም። ፍርድ ቤት ሌባን «ሌባ ነህ» ሊለው ይችላል፤ ሕዝቡ ሌባውን እንዳይወድ ግን ማድረግ አይችልም። ይህ የእኛ የዜጎቹ ድርሻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከዚህ ጋር የሚዛመድ አንድ የሚታወቅ ታሪክ አለን። በ1993 ዓ.ም. በገዢው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ከተፈጠረ በኋላ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸውን ያዩት የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ወሰኑ። ተፈቺው ግን ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጡ እንደገና ተያዙ። ወዲያውም የፀረ ሙስና ልዩ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው የዋስ መብት እንዳይኖረው ተደረገ። አቶ ስዬ በእስር ስድስት ዓመት ያህል ቆዩ። ስለ ክሱ እውነትነት እዚህ አልከራከርም፤ ስለ ክሱ ሳይሆን ስለ ወንበሩ ነው የማወራው። ሕገ መንግሥታችን በ79ኛው አንቀጽ ዳኞች ሥራቸውን በሙሉ ነጻነት እንደሚያከናውኑ፣ ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ እንደማይመሩ ደንግጓል። ያን ቀን አንዲት ወጣት ዳኛ ይህን አንቀጽ እንደ ተጻፈው አነበበችው። አንቀጹን ጽፎ ያጸደቀው ወገን ግን ማንበቧን አልወደደውም። ወንበሩን የሰጠ ሰው ፍርዱንም የሰጠ ይመስለዋል ማለት ይህ ነው።

ስለ ዳኝነት ነጻነት ስንወያይ ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ቤተ መንግሥቱ። ትክክል ነው፣ ከዚያ የሚመጣው ጫና ከሁሉም ይከብዳል። ነገር ግን ዳኛው ወደ ችሎት የሚሄደው ከቤቱ ተነሥቶ ነው። ከላይ የሚደወልለትን ስልክ እንቢ ለማለት የደፈረ ሰው፣ ያስተማረውን አጎት፣ ያበላውን ሰፈር፣ ያዋጣለትን የአገር ልጅ እንቢ ለማለት ጉልበት ሊያጣ ይችላል። ሿሚው «ውለታዬን ክፈል» ሲለው የሚሳካለትም እኛ አስቀድመን በየቤታችን ይህን ቋንቋ ስላስተማርነው ነው።

ከመካከላችን አንዱ ዳኛ ሆኖ ሲሾም እንኳን ደስ ያለህ ለማለት ወደ ቤቱ እንሄዳለን። ወጉ ነው፣ መልካም ነው። ጠጅ ጠጥተን፣ መርቀን፣ ስንወጣ ግን በሩ ላይ ቆመን ትከሻውን መታ መታ እናደርግና «አደራ እንግዲህ፣ እንዳትረሳን!» እንለዋለን። ምናልባት ከማናቸውም የሕግ ማሻሻያ በፊት የምንቀይረው ይህችን ቃል ሊሆን ይገባል። ለዳኛ የሚገባው ምርቃት ሌላ ነው፦ ቤትህ ስትገባ አትርሳን፤ ችሎት ስትቀመጥ ግን እባክህ እርሳን።